ካሴቱን ሰምተው የመጡ ባልና ሚስት

እስካሁን ድረስ ግራ የሚገባኝ ያን ቀን ማን በማን ላይ እንደቀለደ ነው። ቀልድ ሥራዬ ነው። ሰው ሲቀልድ ከሩቅ ይሸተኛል፣ የምሩን ሲያወራም ቶሎ ይገባኛል፤ ቢያንስ እንደዚያ እያልኩ እኮራ ነበር። እነዚያ ባልና ሚስት ሻንጣ ይዘው ደረጃችንን ከወጡ ወዲህ ግን ኩራቴ እንዳልነበር ሆኗል።

ሥራችንን ላስረዳ። ከፍራሽ መሸጫ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ተከራይተን የምንሠራ ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔ ድምፅ እቀዳለሁ፣ የእህቴ ባል ያወራል። ግድግዳውን ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል ካርቶን ለብጠነዋል፤ ማይክራፎኑ ያለበትን ጥግ ደግሞ በብርድ ልብስ ጋርደነዋል። የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ በቀቀን ነው የሚለው። ዜና አንባቢ በሉት፣ የኳስ ተንታኝ በሉት፣ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ የምትቅለሰለሰዋን ሴትዮ በሉት፣ ሁሉም እሱ ጉሮሮ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ ነው የሚመስለው። ሰው በቴሌቪዥን የሚወደውን ዝግጅት እንወስድና አጣምመን፣ አሹፈንበት፣ በካሴት እናወጣዋለን።

ከሁሉም የቀናን «የእርቅ በርጩማ» ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ «የእርቅ ወንበር» የሚባል ዝግጅት አለው፤ አይቶት የማያለቅስ ሰው ብርቅ ነው። የተጣሉ ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አስታራቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ፣ «ልብሽ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሴትየዋ ታለቅሳለች፣ ባልየው ያለቅሳል፣ መሐረብ ይመጣል፣ ሙዚቃ ይገባል። እኛ ዘንድ ወንበሩ በርጩማ ሆነ። አስታራቂያችን «ልብሽ ምን ይላል?» ካለ በኋላ «ጨጓራሽስ?» ብሎ ይጨምራል። በቃ፣ ካሴቱ በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ ይንጫጫ ጀመር።

አንድ ሌላ ነገርም አለን፤ «ተለዋወጡ!» የሚባል። በቀቀን ሁሉንም ድምፅ ብቻውን ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ደክሞት ነው መሰለኝ፣ ባልየውን በሚስትየዋ ድምፅ፣ ሚስትየዋን በባልየው ድምፅ እያወራ ብዙ ሄደ። እኔም ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ልብ ስል ጨርሰናል፤ እንደገና መቅዳቱ ደግሞ ታከተኝ። መሐል ላይ አስታራቂው «ተለዋወጡ!» ብሎ የሚጮህበትን ድምፅ ሰካሁበት፤ ሆን ብለን ያደረግነው እንዲመስል። ሰው በሳቅ ሞተ። ከዚያ ወዲያ በየካሴቱ ባል ሚስቱን ሆኖ፣ ሚስት ባሏን ሆና ይጨቃጨቃሉ። አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ትልቅ ሐሳብ አለው ብለው ሲያወሩም ሰምቻለሁ። ከስንፍና የተወለደ ነገር ነው።

ባልና ሚስቱ የመጡት ከቴሌቪዥኑ ቤት በስልክ ማስጠንቀቂያ በደረሰን ሰሞን ነው። አንድ ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ደውሎ «ቀልዱ ምንም አይደለም፤ ግን አንድ ሰው እንኳን የእኛ አስታራቂ መስሎት ቢታለል ፍርድ ቤት እንገናኛለን» አለኝ። በቀቀን ስልኩን ነጥቆኝ በራሱ በሰውየው ቀጭን ድምፅ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ረጅም ሽማግሌ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ከኋላቸው አጠር ያሉ፣ ነጠል ብለው የቆሙ ሴት አሉ፤ በገመድ የታሰረ ሻንጣ እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል።

«የእርቅ በርጩማ እዚህ ነው?» አሉ ሽማግሌው፣ የካሴታችንን ሽፋን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጀርባው ላይ ያለውን አድራሻ እያሳዩኝ።

«ነው፣ አባቴ። ካሴት ፈልገው ከሆነ ታች ፍራሽ ቤቱ ይሸጥልዎታል።»

«ካሴቱማ አለን። ለመታረቅ ነው የመጣነው።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ሴትየዋ ዞርኩ፤ እሳቸውም አልሳቁም። ያኔ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለብኝ፤ እነዚህን የላከው ያ ቀጭኑ ሰውዬ ነው! አስታራቂ ነን ብለን ተቀብለናቸው እንደሆነ ሊይዘን ነው። ምናልባት ሻንጣው ውስጥ ቴፕ እየቀዳ ይሆናል። ስለዚህ ለሻንጣው በደንብ እንዲሰማ አድርጌ ጮክ ብዬ መናገር ጀመርኩ።

«እኛ አስታራቂዎች አይደለንም! እኛ ቀልደኞች ነን! የቴሌቪዥኑ አስታራቂ ሌላ ሰው ነው፣ አድራሻውም ሌላ ነው!»

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው። «ለምን ትጮህብኛለህ?»

«የቴሌቪዥኑንም እናየዋለን» አሉ ሴትየዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው። «እዚያ የሄደ ሁሉ አልቅሶ ነው የሚወጣው። እናንተ ጋ ግን ይሳቃል። እኔ ለቅሶ በቅቶኛል።»

ይኼንን ስሰማ ነገሩ ዞረብኝ። ቀልድ መሆናችንን ያውቃሉ ማለት ነው? ወይስ የምር አስታራቂ ሆነን የምናስቅ መስሏቸዋል? ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ሴትየዋ በጎኔ አልፈው ገብተው፣ ብርድ ልብሱ ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል። ባልየውም ተከትለው ገብተው ፊት ለፊታቸው የካሴት ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

ማን እንደሆኑ እየቆዩ ነገሩኝ። ባልየው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ልብስ ሰፊ። ሌላ ከተማ የሚኖር ልጅ አላቸው፤ ለሁለቱም የሚሆን ክፍል አዘጋጅቶ ኑ ብሏቸዋል።

«እኔ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም አልኩ» አሉ ሾፌሩ። «ዕድሜዬን በሙሉ መንገድ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ከፍቼ መግባት ያማረኝ አሁን ነው። ጥፋት ነው?»

«እኔ ደግሞ እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «እስቲ ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ጠይቀው።»

ጠየቅኋቸው።

«እንደፈለግሽ አልኳት» አሉ ሾፌሩ። «እንደፈለግሽ ማለት ስድብ ነው? መብቷን ጠበቅኩላት እንጂ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ማናገር ትታለች። ምን እንዳጠፋሁ ንገሪኝ ብላት መልስ የለም። እስቲ አንተ ጠይቃት።»

«ያጠፋው ነገር ካልገባው እኔ አላስረዳውም በለው» አሉ ሚስትየዋ። «አውቶብሴ ከሰዓት በኋላ ነው። የምታስታርቁ ከሆነ አስታርቁ።»

ሁለቱም የሚያወሩት ለእኔ ነው። አንገቴ ወዲያና ወዲህ ሲዞር ሊቀነጠስ ደረሰ። እንደገባኝ ከሆነ ከተኳረፉ ወዲህ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚቆዩት የእኛ ካሴት ሲከፈት ብቻ ነው። ሾፌሩ «እኩል ነው የምንስቀው፤ አንድ ቦታ ላይ» አሉኝ። ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ምንም ቀልድ አልነበረም። ሻንጣውን መጠርጠር ተውኩ።

በቀቀን ይኼን ሁሉ ከብርድ ልብሱ ኋላ ሆኖ ይሰማ ኖሯል። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገና ብቅ አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያንን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰው።

«ወገኖቼ…» አለ፣ በቴሌቪዥኑ አስታራቂ ድምፅ።

ባልና ሚስቱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሾፌሩ ኮታቸውን ቆለፉ። እኔ በቀቀንን በክርኔ ጎኑን ጎሸም አድርጌ «አብደሃል? ፍርድ ቤት ልታቆመን ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምን ላድርግ? ሲያዩኝ ጊዜ ድምፁ ራሱ ወጣ» አለኝ። የምሩን ነበር፤ ላብ ላብ ብሎታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደ ካሴቱ ነበር፤ እንደ ካሴቱም አልነበረም። በቀቀን የሚያውቀው አስታራቂ ያንን የቀልዱን ስለሆነ ሌላ የሚለው የለውም። እሱ ቀልዱን ይወረውራል፣ እነሱ የምራቸውን ይመልሳሉ።

«ልብሽ ምን ይላል?» አለ። «ጨጓራሽስ?»

«ጨጓራዬንማ እሱ አሳርሮ ጨርሶታል» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

በቀቀን ወደ እኔ ዞረ። ከዚህ በኋላ ካሴቱ ላይ ሳቅ ነው የሚመጣው። ሴትየዋም ትንሽ ጠብቀው ግራ ቀኛቸውን አዩ።

«ሰዎቹስ?» አሉ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የሚስቁት። ሁሉም ሲያበቁ መጨረሻ ላይ ብቻዋን የምትስቅ ሴትም አለች። እሷን ለማየት ነበር ይበልጡን የጓጓሁት።»

የሳቁን ነገር ነገርኳቸው። የበቀቀንና የእህቴ ሠርግ ላይ የሙሽራው ወንበር ተሰብሮ በቀቀን እግሩን ሰቅሎ ሲወድቅ የቀዳሁት ሳቅ ነው። ይኼው እስካሁን በየቀልዱ ማብቂያ አንዲት ቁልፍ ተጭኜ እሱኑ አስገባለሁ። መጨረሻ ላይ የምትስቀው አክስቴ ናት፤ በቀቀንን ከጥንትም አትወደውም።

«እኔ የተሳቀው በባልና ሚስቶቹ መስሎኝ» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃሉ። «ይሁን። ያንን ተለዋወጡ የሚለውን መቼ ነው የምትሉን? አውቶብሱ አይጠብቀኝም።»

በቀቀን እኔን አየኝ፣ እኔ በቀቀንን አየሁት። የስንፍናችን ልጅ የሰው ትዳር መሐል ልትገባ ነው። «እማማ፣ እሱ እኮ ቀልድ ነው» ልላቸው ነበር። ግን ሾፌሩ ቀድመውኝ በርጩማው ላይ ለመቀመጥ ተነስተዋል። ሚስትየዋም ለቀቁላቸውና ካርቶኑ ላይ ሄደው ተቀመጡ። የካሴቱን ሥርዓት ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

«ተ…ተለዋወጡ» አለ በቀቀን። እንደዚያ ፈራ ተባ እያለ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ሾፌሩ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው፣ ልክ እንደ ሚስታቸው ተቀመጡ። «እኔ ዛሬ ወደ ልጄ እሄዳለሁ» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ እግራቸውን ዘርግተው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «እንደፈለግሽ» ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣

«አትሂጂ» አሉ።

በቀቀን ጨዋታው የተምታታባቸው መስሎት ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እርስዎ እኮ አሁን እሳቸውን ነዎት» አላቸው።

«አውቃለሁ። እሱን ሆኜ ነው ያልኩት። አትሂጂ።»

ሾፌሩ ግንባራቸውን ቋጥረው ብዙ አሰቡ። በቃ፣ አለቀ፣ እሺ ይሉና ሻንጣው ወደ ቤት ይመለሳል ብዬ በልቤ ተደሰትኩ።

«አይ፣ እሄዳለሁ» አሉ ሾፌሩ። «ትኬቱ ተቆርጧል።»

ራሴን ያዝኩ።

«ትኬት ይመለሳል» አሉ ሚስትየዋ፣ ባላቸውን ሆነው።

«ልጁ ክፍል አዘጋጅቶ እየጠበቀኝ ነው።»

«ክፍሉ የትም አይሄድም። አትሂጂ።»

«ወስኛለሁ፣ እሄዳለሁ።»

ትዕግስቴ አለቀ። «አባባ!» አልኩ። «አትሂጂ እያሉዎት እኮ ነው!»

«ማንን?»

«እርስዎን!»

«እኔማ አሁን ሚስትየዋ ነኝ።»

«አዎ፣ ሚስትየዋን!»

«ታዲያ ሚስትየዋ እሄዳለሁ ብላለች። ሻንጣዋን ይኼው ይዛለች። እሷን ሆኜ ሳለሁ በእሷ ስም ልዋሽልህ?» ሾፌሩ በጣም ተቆጡ። «ጨዋታው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ አንተ?»

ከዚያ ወዲያ ማን ማን እንደሆነ ጠፋብኝ። አትሂጂ እያሉ የሚለምኑት ሚስትየዋ ናቸው፤ እንቢ ብለው የሚሄዱት ደግሞ ቤቴን አልለቅም ያሉት ባልየው። በቀቀን ይባስ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ባላቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ መለመኑን ተዉ። ካርቶናቸው ላይ ዞር አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው፣ እጃቸውን በሌለ የኮት ኪስ ውስጥ የከተቱ መስለው፣ ዝም አሉ። እንዲህ አድርጎ ሰው የሚመስል ሰው አይቼ አላውቅም፤ በቀቀንም አይችለውም። አንድ ቃል ሳይናገሩ ባላቸውን ሆነው ቁጭ አሉ።

ሾፌሩ ጠበቁ። በርጩማው ላይ ተቁነጠነጡ።

«ተናገር እንጂ» አሉ።

ሚስትየዋ ዝም።

«ዝም ትለኛለህ? ዛሬም ዝም?» የሾፌሩ ድምፅ ከፍ አለ። «እድሜ ልካችንን አብረን ኖረን አንዲት ቃል ከአፍህ አትወጣም? ያላንቺ ቤቱ ቤት አይሆንልኝም በለኛ! ጠዋት የስፌት መኪናሽን ድምፅ ካልሰማሁ የነጋ አይመስለኝም በለኛ! አንቺ ከሌለሽ ያን በር ከፍቼ ብገባ ምን ያደርግልኛል በለኛ! ምን ይከብድሃል፣ አንተ ድንጋይ? እሱን ብትለኝ እኮ እቀር ነበር!»

ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። የራሳቸውን ድምፅ ነበር ያወጡት፤ የሴት ድምፅ ለማስመሰል አንዴም አልሞከሩም።

እኔም እዚህ ላይ አንድ ነገር አደረግሁ። ባል ሲጮህ፣ ንግግሩ ሲያበቃ፣ እጄ የለመደው አንድ ነገር ነው፤ ሄዶ ቁልፏን ተጫነ። ያ የሠርግ ሳቅ ክፍሉን ሞላው። ላጠፋው ስጣደፍ ገመዱን ነቀልኩ ብዬ የማይሆን ገመድ ነቀልኩ፤ ሳቁ ቀጠለ። ሁሉም ስቀው እስኪያበቁ፣ አክስቴም ብቻዋን ስቃ እስክትጨርስ፣ አራታችንም እዚያው ባለንበት ጠበቅን። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሳቁ ሲያበቃ ልብስ ሰፊዋ ከመስኮቱ ዞሩ። ለእኔም ለበቀቀንም አልተናገሩም። በቀጥታ ባላቸውን ነው ያናገሯቸው፤ ቀስ ብለው።

«ታውቀው ኖሯል?»

«ምኑን?» አሉ ሾፌሩ፣ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ እየጠረጉ።

«ምን ብትለኝ እንደምቀር። ቃል በቃል ታውቀው ኖሯል።»

ሾፌሩ የኮታቸውን ቁልፍ ይነካኩ ጀመር።

«እኔ እኮ አያውቅም ብዬ ነው» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «መንገድ ላይ የኖረ ሰው ነው፣ አልገባውም፣ ቢገባው ይለኝ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ባለማወቅህ ይቅር ብዬህ ልሄድ ነበር ዛሬ የመጣሁት። እያወቅህ ለከለከልከኝስ ምን ልበልህ?»

ተነሱ። ሻንጣቸውን አነሱ። እኔንና በቀቀንን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆቼ» ብለው አመሰገኑን፤ ይኼ ደግሞ አንጀቴን በላው። የእግራቸው ድምፅ በደረጃው እየራቀ ወረደ።

አንድ ትዳር በእጃችን አፈረስን። በቀቀን ፊቱ አመድ መስሏል። አፉን ከፈተ፣ «ወገኖቼ…» የሚለው ድምፅ ወጣው። «ዝም በል!» አልኩት።

ሾፌሩ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ጉልበታቸው እንደተገጠመ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተሰበሰበ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አሁን ማንን ነኝ?» አሉኝ።

እየቀለዱ አልነበረም። የምራቸውን ጠፍቷቸው ነው የጠየቁኝ፤ እኔም ለአፍታ ጠፍቶብኝ ነበር።

«ራስዎን!» አልኩ። «ራስዎን ነዎት፣ አባቴ፣ ይነሱ!»

ተነሱ። የበሩ ጉበን ላይ ራሳቸውን ሊመቱ ለጥቂት ዳኑ። እኔና በቀቀን ወደ መስኮቱ ተጋፋን።

ታች አስፋልቱ ዳር አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ረዳቱ በሩን ይዞ «መናኸሪያ! መናኸሪያ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮሃል። ልብስ ሰፊዋ ገብተው የበሩ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሻንጣው ጭናቸው ላይ ነው። ወደ ፊት ፊታቸውን ብቻ ነው የሚያዩት። ሾፌሩ ከፎቁ ወጥተው እያነከሱ ደረሱና የሚኒባሱን በር ያዙ።

«አትሂጂ፣ በፈጠረሽ» አለ በቀቀን ጆሮዬ ሥር፣ በሾፌሩ ድምፅ። «ቤቱ ያላንቺ…» አፉን በመዳፌ ያዝኩት። ከረዳቱ ጩኸት በቀር ታች የሚባለው ለእኛ አይሰማም፤ እሱ ግን ለሰውየው እየተናገረላቸው ነው።

ሾፌሩ በሩን እንደያዙ ቆሙ። ረዳቱ ይገቡ እንደሆነ ይግቡ፣ ካልሆነ ይልቀቁ እያለ እጁን ያወራጫል። ሾፌሩ ዞረው ወደ መጡበት መንገድ አዩ። ቤታቸው በዚያ በኩል መሆን አለበት። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው የሆነ ነገር፣ የቤታቸውን ቁልፍ መሰለኝ፣ ጨበጥ አደረጉ፣ ሳያወጡትም ለቀቁት። አሁን ይመለሳሉ ብዬ አሰብኩ፤ እንደፈለግሽ ብለዋቸው ሊመለሱ ነው።

ያንን ረጅም ቁመታቸውን ለሁለት አጥፈው ገቡ። አንድ ቅያሪ ልብስ እንኳን ሳይዙ፣ ቤታቸውን ጥለው። ልብስ ሰፊዋ አላዩአቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ፊት እንዳደረጉ ሻንጣውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ጠጋ አሉላቸው። በሩ ተዘጋ፣ ሚኒባሱም ወደ መናኸሪያው ሄደ።

በቀቀን መዳፌን ከአፉ ላይ አነሳ። «ምን አሏቸው?» አለኝ። «አንተ ዓይንህ ይሻላል። ምን ብለዋቸው ነው የገቡት?»

«ምንም አላሉም» አልኩት። «አፋቸው ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ዝም ብለው ነው የገቡት።»